ከገዳም ፍርስራሽ ወደ መኖሪያ ቤት፦ በእንግሊዝ ከተሞች ዳግም ሥራ ላይ የዋሉ የመካከለኛው ዘመን የግንባታ ክፍሎች

በእንግሊዝ ጥንታዊ ከተሞች ከጎዳና ሲታይ የ18ኛው ክፍለ ዘመን ሥራ የሚመስል፣ ፊቱ በሸክላ ጡብ የተገነባ፣ መስኮቶቹ በረድፍ የተደረደሩ ቤት ብዙ ጊዜ በውስጡ ከዚያ የሚበልጥ ዕድሜ ይዟል። ወደ ምድር ቤቱ ሲወርዱ የ13ኛው ክፍለ ዘመን የድንጋይ ቅስት ይገኛል። የጓሮው በር መቃን ከገዳም ደጃፍ የተነቀለ ነው። ከጣሪያው ሥር ያሉት ወጋግራዎችም ቤቱ ከመሠራቱ ከብዙ ዓመታት በፊት የሌላ ቤት ክዳን ተሸክመው የኖሩ ናቸው። በዚህ ዳሰሳ የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

እንዲህ ያለው ቤት ለታሪክ አጥኚውም፣ ለጥገና ባለሙያውም፣ ለነዋሪውም አንድ ጥያቄ ያነሳል፤ ይህ አሮጌ ክፍል እንዴት እዚህ ደረሰ? መልሱ ከሦስት አንዱ ነው። ክፍሉ ከቦታው ሳይነቃነቅ ቆይቶ አዲሱ ቤት በላዩ ወይም በዙሪያው ተሠርቶ ይሆናል። ወይም ከፈረሰ ሌላ ሕንፃ ተነቅሎ፣ ርካሽና ቅርብ ስለነበረ ብቻ፣ እንደ ማንኛውም ድንጋይና እንጨት ተጭኖ መጥቷል። አለዚያም ኋላ የመጣ ባለቤት ጥንታዊነቱን ወዶ ገዝቶ ያስገባው ነው። ይህን ሳይለዩ የቤቱን ዕድሜ መናገር አይቻልም። ከቦታው ያልተነቃነቀ ቅስት የቦታውን ታሪክ ይመሰክራል፤ ከፍርስራሽ የመጣው የሌላ ሕንፃን መፍረስና የዘመኑን ገበያ ይመሰክራል፤ ለጌጥ የተገዛው ግን ስለ ገዢው ምርጫ እንጂ ስለ ቦታው የሚናገረው የለውም።

ከቦታው ሳይነቃነቅ ለቀረው በሰሜን ምዕራብ እንግሊዝ ያለችው ቼስተር ጥሩ ማሳያ ናት። በዋና ዋና ጎዳናዎቿ ግራና ቀኝ «ሮውስ» የሚባሉ፣ ከመንገዱ አንድ ፎቅ ከፍ ብለው በቤቶቹ ፊት የሚያልፉ፣ ክዳን ያላቸው መተላለፊያዎች አሉ። ከእነዚህ ሥር ከመንገዱ ጥቂት ዝቅ ያሉ የድንጋይ ምድር ቤቶች ይገኛሉ፤ ብዙዎቹ የ13ኛውና የ14ኛው ክፍለ ዘመን ሥራ ናቸው። በብሪጅ ጎዳና የሚገኘው የካውፐር ቤት ፊቱ በእንጨት የተሠራ ሲሆን 1664 የሚለው ዓመት ከባለቤቱ ከቶማስ ካውፐር ስም መነሻ ፊደላት ጋር ተቀርጾበታል። ከተማዋ በእንግሊዝ የእርስ በርስ ጦርነት ጊዜ፣ በ1645 እና በ1646፣ ተከብባ ብዙ ከተጎዳች በኋላ የታነጸ ነው። ከዚያ የእንጨት ፊት ኋላ ግን ጣሪያው በድንጋይ ዘንጎች የተደገፈ የመካከለኛው ዘመን ምድር ቤት እስካሁን ቆሟል። ካውፐር ያሠራው በነበረ መሠረት ላይ ነው።

የድንጋይ ምድር ቤት እንዲህ የሚተርፍበት ምክንያት ግልጽ ነው። እሳት አይበላውም፤ እንደገና መቆፈር ብዙ ወጪ ይጠይቃል፤ የይዞታው ወሰንም በግድግዳዎቹ ታስሮ ስለሚኖር አዲሱ ባለቤት እዚያው ላይ መሥራቱ ይቀለዋል። በኖርዊች በ1507 የተነሳው ቃጠሎ ሰፊ የከተማዋን ክፍል ሲያወድም ከሥር የነበሩት የጡብ ምድር ቤቶች ግን ተረፉ፤ አዳዲሶቹ ቤቶችም በእነሱ ላይ ተተከሉ። በዚያው ከተማ ዛሬ ሙዚየም የሆነው «ስትሬንጀርስ ሆል» የተባለው የነጋዴ ቤት ከሁሉ የቆየው ክፍሉ በ1320 ገደማ የተሠራው ምድር ቤቱ ነው። ከላይ ያለው ሁሉ በኋለኞቹ መቶ ዓመታት ተራ በተራ የተጨመረ ነው።

ሁለተኛው መንገድ፣ ማለትም ከፍርስራሽ የሚመጣው፣ በእንግሊዝ ከሌላው አገር ይልቅ በአንድ ጊዜ የበዛው በአንድ የፖለቲካ ውሳኔ ነው። ንጉሥ ሄንሪ 8ኛ ከሮም ቤተ ክርስቲያን ከተለየ በኋላ ከ1536 እስከ 1540 ባሉት ዓመታት ወደ 800 የሚጠጉ ገዳማትና መሰል ተቋማት ተዘጉ። መሬታቸው ወደ ዘውዱ ገባ፤ ብዙው ለባለሥልጣናትና ለሀብታም ነጋዴዎች ተሸጠ ወይም ተሰጠ። ብዙዎቹ ገዳማት በከተማ ውስጥ ወይም በከተማ ዳር ስለነበሩ ከተሜው በድንገት በደጁ ላይ የታላላቅ ሕንፃዎች ክምር አገኘ።

ከገዳሙ ምን ወዴት እንደሄደ ማወቅ የቤቶቹን ግድግዳ ለማንበብ ይረዳል። የጣሪያው እርሳስና የደወሎቹ ብረት ዋጋቸው ከፍተኛ ስለነበር የንጉሡ ሹማምንት አስቀድመው ወሰዷቸው፤ እርሳሱ ብዙ ጊዜ እዚያው ግቢ ውስጥ ይቀልጥ ነበር፤ ለማገዶም የቤተ ክርስቲያኑ የራሱ እንጨት ይነድ ነበር። ክዳኑን ያጣ ሕንፃ ዝናብ ሲወርድበት ይፈርሳል። ድንጋዩ፣ የበርና የመስኮቱ መቃን፣ የወለሉ ንጣፍና የጣሪያው እንጨት ግን ለአካባቢው ሰው ቀረ። በዘመኑ ድንጋይን በየብስ ማጓጓዝ ከራሱ ከድንጋዩ ዋጋ በላይ ሊሆን ይችል ስለነበር፣ የፈረሰ ገዳም ለአካባቢው እንደ ቅርብ የድንጋይ ካባ ነበር። ከጥሩ ድንጋይ ብዙው ደግሞ ቅርጽ ያለውም የሌለውም ሳይለይ ተቃጥሎ ኖራ ሆኗል፤ ይህ ከጠፋው ሁሉ የሚያሳዝነው ነው።

ያም ሆኖ ድንጋይ ሁልጊዜ አይፈለግም ነበር። የለንደኑ ታሪክ ጸሐፊ ጆን ስቶው በ1598 ባሳተመው የከተማዋ ዳሰሳ የአልድጌቱን የቅድስት ሥላሴ ገዳም መጨረሻ ተርኳል። ቦታውን ከንጉሡ ያገኘው ሰር ቶማስ ኦድሊ ቤተ ክርስቲያኑን ከነግንቡ አፍርሶ ለሚያነሳለት ሰው በነጻ ሊሰጥ ቢልም የሚቀበለው ጠፋ። በገዛ ወጪው ሊያስፈርስ ተገደደ፤ ሠራተኞቹ ከላይ ጀምረው ድንጋዩን አንድ በአንድ እየፈነቀሉ ወደ ታች ሲጥሉት አብዛኛው ተሰበረ። ስቶው እንደሚለው የለንደን ሰው ያኔ ቤቱን የሚሠራው በእንጨትና በጡብ ስለነበር አንድ ጋሪ ሙሉ ጠንካራ ድንጋይ፣ የማጓጓዣውን ጨምሮ፣ በ6 ወይም በ7 ፔንስ እስከ ደጁ ይመጣለት ነበር። ከዚያ ገዳም የተረፈ አንድ ሹል ቅስት ዛሬ በሌድንሆል ጎዳና በሚገኝ ዘመናዊ የቢሮ ሕንፃ ውስጥ ተጠብቆ ይታያል።

ይህ ትረካ አንድ ጠቃሚ ነገር ያስረዳል። በእንጨት በሚሠራ ከተማ የገዳም ድንጋይ የሚገባው እንጨት በማያገለግልባቸው ቦታዎች ነው፤ እርጥበት በሚነካው የግድግዳ ሥር፣ በምድር ቤት፣ እሳት ባለበት ምድጃና በጭስ መውጫው፣ እንዲሁም በጓሮ አጥር። ስለዚህ ከገዳም የመጣ ድንጋይ የሚፈልግ ሰው ከቤቱ ፊት ይልቅ እነዚህን ቦታዎች ቢመረምር ይሻለዋል። የተጠረበ የመስኮት ዘንግ ወደ ውስጥ ተገልብጦ ለስላሳ ጀርባው ብቻ ይታያል፤ የምሰሶ ራስ የነበረው ድንጋይ ተተክሎ የበር መረገጫ ሆኗል። እንዲህ ያለውን ድንጋይ ያስቀመጠው ግንበኛ ለማስጌጥ አላሰበም። የፈለገው ቀጥ ያለ ማዕዘን ነው።

ገዢው ደግሞ አንዳንድ ጊዜ አላፈረሰም፤ ገብቶ ኖረበት። በዊልትሸር ያለችው ማምስበሪ ለዚህ ምሳሌ ናት። ባለጠጋው የጨርቅ ነጋዴ ዊልያም ስተምፕ ገዳሙን ከዘውዱ ገዝቶ በተለያዩ የገዳሙ ሕንፃዎች ውስጥ የሽመና መሣሪያዎቹን ተከለ፤ የቤተ ክርስቲያኑን ታላቅ አዳራሽ በ1541 ለከተማው ሕዝብ ደብር እንዲሆን ሰጠ። ተጓዡ ጆን ሊላንድ በእነዚያው ዓመታት አካባቢ ከተማዋን አይቶ በየዓመቱ 3,000 ያህል ጨርቅ እንደሚሠራባት መዝግቧል። ስተምፕ ለራሱ ያሠራው ቤት «አቢ ሃውስ» በ13ኛው ክፍለ ዘመን በተሠራ የገዳሙ ምድር ቤት ላይ ቆሟል። ማምስበሪ በአንድ ሰው እጅ ሁለት ነገሮችን ታሳያለች፤ ከቦታው ያልተነቃነቀ መሠረት ከሥር፣ ከጎኑ ደግሞ ለአዲስ ሥራ የተለወጠ ሕንፃ።

በምሥራቅ እንግሊዝ ያለችው የቤሪ ሴንት ኤድመንድስ ነገር ከዚህ ይለያል፤ በእርግጥም በአገሪቱ ከሚታዩት ሁሉ በጣም የሚገርመው ይህ ነው። ገዳሙ በ1539 ተዘጋ። የቤተ ክርስቲያኑ ምዕራባዊ ፊት 75 ሜትር ገደማ ስፋት ነበረው፤ ከላይ የለበሰው፣ ባርናክ ከሚባለው ቦታ የመጣው ጥርብ ድንጋይ ለከተማው ቤቶች ተነቅሎ ተወሰደ። የቀረው የግድግዳው ውስጠኛ አካል፣ ማለትም የባልጩት ድንጋይና የኖራ ምርጊት ድብልቅ ነው። ጥርቡ ስለተገፈፈ ቅስቶቹ ጠርዝ አጥተው እንደ ዋሻ አፍ ሆኑ። ከ17ኛው ክፍለ ዘመን ጀምሮ በእነዚህ አፎች ውስጥ የመኖሪያ ቤቶች ተሠሩ። ዛሬ ከአጠገቡ የቆመ ሰው የተስተካከለ የመስኮት መስታወት፣ ቀለም የተቀባ በርና የጡብ ጭስ መውጫ ያያል፤ ቀና ሲል ግን ከመስኮቱ በላይ ማንም ያልለሰነው የባልጩት አለት ወጣ ገባ ብሎ ተንጠልጥሏል። በሩን የሚከፍተው ነዋሪ የሚያልፈው የቤተ ክርስቲያን ቅስት በነበረው ውስጥ ነው። እዚህ ያለው አሮጌ ክፍል ከቦታው አልተነሳም፤ ልብሱ ግን በሙሉ ወደ ሌሎች ቤቶች ተሰራጭቷል። አንድ ሕንፃ በአንድ ጊዜ የተሰጠም የቀረም ሊሆን እንደሚችል ከዚህ የበለጠ አስረጂ የለም።

በለንደን የቅዱስ በርተሎሜዎስ ገዳም በር ቤትም ቀረብ ብሎ መታየት ይገባዋል። ገዳሙ በ1123 ተመሠረተ፤ ከተዘጋ በኋላ ሰር ሪቻርድ ሪች በ1544 ገዛው። የቤተ ክርስቲያኑ ረጅም አዳራሽ ፈርሶ ቦታው የመቃብር ግቢ ሲሆን የ13ኛው ክፍለ ዘመን አንድ የምዕራብ በር ቅስት ግን እንደ ግቢው መግቢያ ቀረ። በ1595 በቅስቱ ላይ ባለ እንጨት ጠባብ የመኖሪያ ቤት ተተከለ። ቆይቶም የቤቱ እንጨት በሌላ ፊት ተሸፈነና ተረሳ። በአንደኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ የጀርመን ዜፕሊን የጣለው ቦምብ ፊቱን ሲያራግፈው ከሥሩ እንጨቱ ታየ። ዛሬ መንገደኛው ከሥር ድንጋዩን፣ ከላይ ጥቁርና ነጭ እንጨቱን በአንድ እይታ ያያል። ከገዳሙ ክፍሎች አንዱ የሆነው የእመቤታችን ጸሎት ቤትም በየዘመኑ መኖሪያና ማተሚያ ቤት ሆኖ አገልግሏል፤ ቤንጃሚን ፍራንክሊን በ1725 በዚያ የማተሚያ ሠራተኛ ነበር።

በድንጋይ የሚታየው ሁሉ በእንጨት ደግሞ ይበዛል፤ እንጨት ለመንቀልም ለመሸከምም ይቀላል። የእንግሊዝ የቤት እንጨት በአብዛኛው ኦክ የተባለው ዛፍ ነው። አናጺው ኦክን ገና እርጥብ ሳለ ይሠራዋል፤ አንዱን እንጨት በሌላው ጉድጓድ አስገብቶ በእንጨት ችንካር ያጣብቀዋል። ስለዚህ ዳግም የገባ እንጨት ምልክቱን ይዞ ይሄዳል። ምንም የማይገባበት ባዶ ጉድጓድ፣ ወደ የትም የማይደርስ የችንካር ቀዳዳ፣ ሌላ እንጨት ያረፈበት ቦይ፣ ከጎረቤቱ ጋር የማይከታተል የአናጺ ቁጥር፣ እነዚህ ሁሉ ቀድሞ ሌላ ሥራ እንደነበረው ይናገራሉ። በጥላሸት የጠቆረ ወጋግራ ጭስ መውጫ ባለው ጣሪያ ውስጥ ከተገኘ ደግሞ ክፍት ምድጃ ከነበረበት የመካከለኛው ዘመን አዳራሽ የመጣ ወይም እዚያው የቀረ ነው። ሁለቱን ለመለየት ጥላሸቱ መጋጠሚያዎቹን ሳይዘል መሸፈኑን ማየት ይበቃል፤ መጋጠሚያው ላይ ከተቋረጠ እንጨቱ ከጠቆረ በኋላ ተነቅሎ የተገጠመ ነው።

በእንግሊዝ ብዙ የአሮጌ ቤት ባለቤቶች እንጨታቸው ከመርከብ የመጣ ነው ይላሉ። ባዶ ጉድጓዶቹና ጎባጣ ቅርጹ ለዚህ ወሬ መነሻ ሆነዋል። ከባሕር ርቀው በመሃል አገር ባሉ ከተሞች ሳይቀር ይሰማል። አብዛኛውን ጊዜ ግን እንጨቱ የመጣው ከፈረሰ ጎረቤት ቤት፣ ከጎተራ ወይም ከገዳም ነው። ይህ ደግሞ ከመርከቡ ተረት የበለጠ ዋጋ ያለው መረጃ ነው፤ የዚያው ከተማ የጠፋ ሕንፃ ምስክር ነውና።

የዛፍ ቀለበት ቆጠራ በዚህ ላይ ትልቅ ብርሃን ሰጥቷል። የኦክ ቀለበቶች ስፋት ከታወቀ የአካባቢ ተከታታይ መዝገብ ጋር ሲነጻጸር ዛፉ የተቆረጠበትን ጊዜ ያሳያል፤ ከላጡ ሥር ያለው የመጨረሻ ቀለበት ካለ ዓመቱ ይታወቃል። ሆኖም የሚገኘው ዛፉ የተቆረጠበት ዓመት ነው፤ ቤቱ የተሠራበት ዓመት አይደለም። ዳግም ከገባ እንጨት ናሙና የወሰደ ሰው ቤቱን በመቶ ዓመት ሊያስረጀው ይችላል። ስለዚህ ናሙና የሚወሰደው መጋጠሚያዎቹ ያልተነኩ፣ ቁጥሮቹ የሚከታተሉ ከሆኑ እንጨቶች ብቻ ነው።

ለድንጋይ የሚያገለግለው ዘዴ ከዚህ ይለያል። ቶማስ ሪክማን በ1817 የእንግሊዝ መካከለኛው ዘመን ሥነ ሕንፃን በየቅርጹ ከፋፍሎ ስያሜ ከሰጠ ወዲህ የቅስትና የመቃን ቅርጽ ዕድሜን ለመገመት ዋና መሣሪያ ሆኗል። ክብ ቅስት ከዚግዛግ ጌጥ ጋር የ12ኛው፣ ሹል ቅስት የ13ኛው፣ ጠፍጠፍ ብሎ አራት ማዕከል ያለው ቅስት ደግሞ በአብዛኛው የ15ኛውና የ16ኛው ክፍለ ዘመን ነው። የጠራቢው መሣሪያ ምልክትም ይረዳል፤ ሰያፍ ሆነው የሚሄዱ የመጥረቢያ ሰንበሮች የ12ኛውን ክፍለ ዘመን ሥራ ያመለክታሉ፤ ጥርስ ያለው መሮ የተወው ረድፍ ግን ከዚያ በኋላ የመጣ ነው። የእነዚህ ሁሉ ጉድለት አንድ ነው፤ ድንጋዩ መቼ እንደተጠረበ እንጂ እዚህ መቼ እንደተቀመጠ አይናገሩም።

ለዚህ ነው ባለሙያ ከቅርጹ ይልቅ መጋጠሚያውን አጥብቆ መመርመር ያለበት። ከሌላ ቦታ የመጣ በር በራሱ ላይ ብዙ ያጋልጣል። የግራና የቀኝ መቃኖቹ ቁመት አይመሳሰልም፤ የመቃኑ ጌጥ ከቅስቱ ጌጥ ጋር ሳይገጥም ይቋረጣል፤ የማጠፊያ ብረት የተሰካበት ጉድጓድ በማይጠቅም በኩል ይገኛል፤ የአንዱ ድንጋይ ኖራ ከሌላው የተለየ ነው። ቅስቱ ከአዲሱ ስፋት ጋር እንዲሄድ መሐል ላይ ተቆርጦ ወይም በጠባብ ድንጋይ ተሞልቶ ይታያል። በተቃራኒው ከቦታው ያልተነሳ በር በዙሪያው ካለው ግድግዳ ጋር በአንድ ረድፍ የታሰረ ነው፤ የኋላ ዘመን ግድግዳ ነው ተቆርጦ ወደ እሱ የተጠጋው። ቅስቱን በማየት ብቻ «ይህ ቤት የመካከለኛው ዘመን ነው» ብሎ መደምደም በየከተማው ታሪክ መጻሕፍት ውስጥ የሚደጋገም ስሕተት ነው።

ሦስተኛው መንገድ የመጣው ጥንታዊው ነገር ክብር ባገኘበት ዘመን ነው። ከዚያ በፊት የገዳም ድንጋይ መጠቀም ለአንዳንዶች ጭንቀት ነበር። ሰር ሄንሪ ስፔልማን ከሞተ በኋላ በ1698 በታተመው መጽሐፉ የገዳም ንብረት የያዙ ቤተሰቦች ላይ መዓት እንደወረደ ሊያስረዳ ሞክሯል። በ19ኛው ክፍለ ዘመን ግን ሰዎች የገዳም መስኮት ፈልገው መግዛት ጀመሩ። በሊንከን የጆን ኦቭ ጎንት ቤት የሚባለው ሕንፃ ውብ ወጣ ያለ መስኮት ከዝቅተኛው ከተማ ተነቅሎ ወደ ከተማዋ ቤተ መንግሥት በር ግቢ ተዛውሯል፤ ዛሬ የሚያየው ሰው የዚያ ግንብ አካል ይመስለዋል።

በዚህ መንገድ ከተንቀሳቀሱት ሁሉ ታላቁ በለንደን ያለው ክሮዝቢ ሆል ነው። የሱፍ ነጋዴው ጆን ክሮዝቢ በ1466 ከቅድስት ሄለና መነኮሳይያት በኪራይ በያዘው ቦታ በቢሾፕስጌት ያሠራው ይህ የከተማ ቤት በኋላ ንጉሥ ሪቻርድ 3ኛ ተጠቅሞበታል፤ ፖለቲከኛውና ደራሲው ቶማስ ሞርም ለጥቂት ጊዜ ይዞት ነበር። በ1908 ባንክ ሊሠራበት ሲፈርስ የአዳራሹ ድንጋዮችና የእንጨት ጣሪያው ተቆጥረው ተነሱ፤ በ1910 በቼልሲ እንደገና ተተከለ። የተተከለበት ቦታ በአንድ ወቅት የዚያው የቶማስ ሞር የአትክልት ቦታ ነበር። አዳራሹ ከመጥፋት ዳነ፤ ነገር ግን ከመንገዱ፣ ከጎረቤቶቹና ከገዳሙ ጋር የነበረው ዝምድና ጠፋ። ከዚህ የከፋው የባሕር ማዶ ጉዞ ነበር። የዎሪክ ገዳም ቤት በ1925 ተገዝቶ ድንጋዩ አሜሪካ ወደምትገኘው ሪችመንድ ተጭኖ «ቨርጂኒያ ሃውስ» የተባለ አዲስ ቤት ተሠራበት። አሜሪካዊው የጋዜጣ ባለጸጋ ዊልያም ራንዶልፍ ኸርስት ደግሞ የብራደንስቶክ ገዳምን ጣሪያ ለዌልሱ ቤተ መንግሥቱ ሲወስድ ብርቱ ተቃውሞ ተነሥቶበታል።

ይህ ጉዳይ ለኢትዮጵያውያን አንባቢዎች በቅርብ የሚታወቅ ገጽታ አለው። በኢየሩሳሌም ዴር ሱልጣን የሚኖሩት ኢትዮጵያውያን መነኮሳት ጎጆዎቻቸውን የቀለሱት በቅድስት ሄለና ጸሎት ቤት ጣሪያ ላይ፣ በ12ኛው ክፍለ ዘመን መስቀላውያን በሠሩት የአውግስጢኖሳውያን ገዳም ፍርስራሽ መካከል ነው። የቀሩት ግድግዳዎችና ቅስቶች ከአሁኑ መኖሪያ ጋር ተያይዘዋል። ከኮፕት ቤተ ክርስቲያን ጋር ያለው የቆየ የይዞታ ክርክር ጥገናን አስቸጋሪ አድርጎታል። ከላይ በተጠቀሰው አከፋፈል ይህ ከመጀመሪያው መንገድ ነው፤ ድንጋዩ አልመጣም፤ ሰዎቹ ወደ ድንጋዩ መጡ።

የጥበቃው ጥያቄ የሚነሳው እዚህ ላይ ነው። ዊልያም ሞሪስ በ1877 ያቋቋመው የጥንታዊ ሕንፃዎች ጥበቃ ማኅበር የተነሳው ሕንፃን ወደ አንድ ዘመን ለመመለስ ሌላውን ዘመን የሚፍቁ ጠጋኞችን በመቃወም ነው። ከ1947 ወዲህ የወጡት ሕጎች ደግሞ በእንግሊዝ ታሪካዊ ሕንፃዎችን በ1ኛ፣ በኮከብ ምልክት በሚለይ 2ኛ እና በ2ኛ ደረጃ መዝግበው ያለ ፈቃድ መለወጥን ወንጀል አድርገዋል። ዳግም ሥራ ላይ የዋለ ክፍል ያለው ቤት ግን ሕጉ ብቻውን የማይፈታው ፈተና ይሰጣል። የ1595ቱ ቤት ተነስቶ የ13ኛው ክፍለ ዘመን ቅስት ብቻውን ቢታይ ይሻል ነበርን? የቤሪ ቤቶች ተነቅለው ፍርስራሹ «ንጹሕ» ይሁን? ለሁለቱም ጥያቄዎች ትክክለኛው መልስ አይሆንም ነው። ቅስቱን እስከ ዛሬ ያቆየው በላዩ የተሠራው ቤት ነው፤ ቤቱን ማንሳት ጠባቂውን ማባረር ነው።

እንዲህ ያለ ቤት የገዛ ወይም የወረሰ ሰው ማድረግ ያለበት ጥቂት ነው። ልስን ከማንሳቱ በፊት ፎቶ ያንሳ፤ የተገለበጠውን ድንጋይ ቀጥ ለማድረግ አይንቀለው፤ ባዶውን የእንጨት ጉድጓድ በማጣበቂያ አይድፈነው። በጥላሸት የጠቆረውን ወጋግራም ከቶ አይፈግፍገው፤ አንድ ጊዜ ከተፈገፈገ ቤቱ ከየት እንደመጣ የሚመሰክረው ማስረጃ ተመልሶ አይገኝም።